ኪራዩ ርካሽ፣ መንገዱ ውድ የሆነ ቤት

ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአዲስ አበባ ብዙ ቤተሰብ ቤት ፍለጋ ይጀምራል። ልጆች መስከረም ከመጥባቱ በፊት አዲሱን ሰፈር እንዲለምዱ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባም እንዳያልፍ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዕቃ ለመጫን ይመረጣሉ። ለደላላ ይደወላል፣ ዘመድ ይጠየቃል፣ ቅዳሜና እሑድ ቤት ሲታይ ይዋላል። የሚጠየቁት ጥያቄዎችም የታወቁ ናቸው። ስንት ክፍል ነው? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የመብራት ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? አከራዮቹ እዚያው ግቢ ይኖራሉ? ልጆች ሲጫወቱ ቅር ይላቸው ይሆን?

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ጥያቄ አለ። ከዚህ ቤት እስከ ሥራ ቦታ ጠዋት እንዴት ይኬዳል? ማታስ እንዴት ይመለሷል? ኪራይ የሚከፈለው በወር አንድ ጊዜ ነው። መንገድ ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ የሚከፈለውም በገንዘብ ብቻ አይደለም። ልጆች ሳይነቁ ወጥቶ፣ ከተኙ በኋላ የሚገባ አባት ኪራዩ ላይ ያተረፈውን ከልጆቹ ጊዜ ላይ ቆርጦ ነው የሚከፍለው። እናትም ሠራተኛ ከሆነች ክፍተቱን የምትሸፍነው አያት ናት፣ ወይም ሞግዚት፣ ወይም የጎረቤት ደግነት። ስለዚህ ቤት የት እንከራይ የሚለው ጉዳይ የኪስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ልጆቻችንን ማን ያሳድጋቸው የሚል ጥያቄም አለበት።

«ስንት ታክሲ ነው?»

የአዲስ አበባ ሰው የሰፈር ርቀት ሲጠየቅ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። «አንድ ታክሲ ነው»፣ «ሁለት ታክሲ ያስይዛል» ብሎ ይመልሳል። ይህ አነጋገር ከካርታ ይበልጥ እውነቱን ይናገራል። አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ በአንድ ታክሲ የሚያደርስ ቤት፣ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ሦስት ታክሲ ከሚያስይዘው ቤት ሊሻል ይችላል። ጊዜ የሚበላው መኪናው ሲሄድ ብቻ አይደለምና። አንድ ታክሲ በተጨመረ ቁጥር አንድ ሰልፍ ይጨመራል። ሰልፉ ደግሞ በዝናብ ቀን፣ በሰኞ ጠዋትና በበዓል ዋዜማ እንደሚረዝም ሁሉም ያውቀዋል።

የማታው መንገድ ከጠዋቱ የተለየ ጠባይ አለው። አንዳንድ ሚኒባሶች በሥራ መውጫ ሰዓት ሙሉውን መስመር ከመሄድ ይልቅ መንገዱን ያቆራርጣሉ፤ ተሳፋሪው መሐል ላይ ወርዶ ለዚያው መንገድ ሁለተኛ ይከፍላል። ጠዋት በሁለት ታክሲ የተሄደበት ሥራ ማታ ሦስት ታክሲ ሊሆን ይችላል። ቤት ሲመርጡ ሒሳቡን በማታው መንገድ መሥራት ይበጃል።

ሌላው የሚረሳ ነገር ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ በር ያለው ርቀት ነው። በማስታወቂያ «ከአስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ» የሚባለው ቤት አንዳንዴ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ያ መንገድ በበጋ ቀላል ሆኖ በክረምት ጭቃ ሊሆን ይችላል። ባጃጅ ካለ እሱም አንድ ተጨማሪ ሒሳብ ነው። የመንገድ መብራት ከሌለ ደግሞ ከማታ ትምህርት ወይም ከሥራ አምሽታ የምትመለስ ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን ከኪራዩ በፊት ሊያስቡት ይገባል።

የሁለት ቤቶች ሒሳብ

አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እንውሰድ። አባትና እናት ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው፤ አንድ ተማሪ ልጅ አላቸው። ሁለት ቤቶች አይተዋል። የመጀመሪያው ለሥራቸው የቀረበ ሲሆን ኪራዩ 15,000 ብር ነው። ሁለተኛው ከከተማው ዳር ሲሆን ክፍሎቹ ሰፋ ያሉ ናቸው፤ ኪራዩም 10,000 ብር ነው። በወር 5,000 ብር የሚያተርፍ ስለሚመስል ሁለተኛው ያጓጓል። (ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የቀረቡ ናቸው፤ እርስዎ የራስዎን ኪራይና ታሪፍ ያስገቡበት።)

ከሩቁ ቤት አንድ ሰው ደርሶ ለመመለስ በቀን 120 ብር ያወጣል እንበል። ለሁለት ሰው በ22 የሥራ ቀናት 5,280 ብር ይሆናል። ከቅርቡ ቤት ለአንድ ሰው በቀን 40 ብር ከበቃ የሁለቱ ወጪ በወር 1,760 ብር ነው። ልዩነቱ 3,520 ብር ደረሰ። ከቅርቡ ቤት ልጁ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚደርስ ከሆነና ከሩቁ ቤት ግን የተማሪ ሰርቪስ በወር 2,500 ብር የሚያስከፍል ከሆነ፣ ጠቅላላው ልዩነት 6,020 ብር ይሆናል። ርካሽ የተባለው ቤት በወር 1,020 ብር አስበለጠ ማለት ነው።

ሒሳቡ ሁልጊዜ እንዲህ አይወጣም። ከቤተሰቡ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን የታክሲው ልዩነት 1,760 ብር ነው፤ የልጁ ሰርቪስ ሲጨመር 4,260 ብር ይሆናል። እንግዲህ ሩቁ ቤት 740 ብር አተረፈ። ስለዚህ «ቅርብ ሁልጊዜ ይሻላል» ወይም «ዳር ሁልጊዜ ይረክሳል» የሚል ደንብ የለም። ወሳኙ በየቀኑ ከቤቱ የሚወጡት ሰዎች ብዛት ነው። ብዙ ሰው የሚወጣበት ቤት ለቅርበት ቢከፍል ያዋጣዋል። አንድ ሰው ብቻ የሚወጣበት ቤት ዳር ላይ ሊኖር ይችላል።

ገንዘቡን ከጨረሱ በኋላ ሰዓቱንም ያስሉ። በአንድ ጉዞ አንድ ሰዓት የሚበልጥ ቤት በቀን ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በ22 የሥራ ቀናት 44 ሰዓት ይሆናል። ይህ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከአምስት ቀን ተኩል ሥራ ጋር እኩል ነው። ከላይ ያየነው 740 ብር የተገኘው ለ44 ሰዓት መሆኑ ነው። ይህ ዋጋ ይበቃኛል ብሎ የሚወስን ሰው ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን አውቆት ቢወስን ጥሩ ነው።

ባቡር፣ አውቶቡስ፣ ሰርቪስ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር በመስመሩ ዳር ያሉ ሰፈሮች ተፈላጊ ሆነው ነበር። ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። አንደኛው ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲ፣ በመገናኛና በመስቀል አደባባይ አልፎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሌላው ከምኒልክ አደባባይ በአውቶቡስ ተራ፣ በልደታና በሳሪስ በኩል ቃሊቲ ይወርዳል። ሁለቱም በመስቀል አደባባይና በልደታ መካከል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ስለዚህ ባልየው ሜክሲኮ፣ ሚስትየዋ መገናኛ የሚሠሩ ከሆነ ጉርድ ሾላ ወይም ሲኤምሲ አካባቢ በመስመሩ ላይ የተገኘ ቤት ለሁለቱም አንድ መንገድ ይሆናል።

ሆኖም «ባቡሩ አጠገብ ነው» የሚለውን የደላላ ቃል ብቻ ይዘው አይፈርሙ። ባለፉት ዓመታት በብልሽትና በመለዋወጫ ችግር ምክንያት በሥራ ላይ ያሉት ባቡሮች ቁጥር ቀንሶ ስለነበር ጥበቃውም መጨናነቁም በዝቷል። ጣቢያው ድረስ ሄደው በሥራ ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ፣ ሲመጣም መግቢያ እንዳለው በዓይንዎ ይዩ። ባቡሩ በቀረበት ቀን በዚያው መስመር ላይ አውቶቡስና ታክሲ መኖሩንም ያረጋግጡ።

ከአንበሳና ከሸገር አውቶቡሶች መነሻ አጠገብ መኖር ትልቅ ጥቅም አለው። ከመነሻው የሚሳፈር ሰው ወንበር ያገኛል፤ ከመሐል የሚሳፈር ግን ሞልቶ ሲያልፍ ይመለከታል። በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ከቤቱ የሚመላለሱ ከሆነ መነሻው ላይ መኖር ከሁለት ፌርማታ ቅርበት ይበልጣል።

ከቤተሰቡ አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ መስመርን አስቀድሞ ማጥናት ይገባል። መታወቂያ አሳይቶ በነፃ መሄድ በወር የሚያተርፈው ቀላል አይደለም። በግል ድርጅት የሚሠሩም መሥሪያ ቤታቸው ሰርቪስ ካለው ሹፌሩን በየት በየት እንደሚያልፍ ይጠይቁት። ከመስመሩ ላይ አምስት ደቂቃ ርቆ የተገኘ ቤት፣ ቢወደድ እንኳ፣ ሒሳቡ ሊያዋጣ ይችላል። ግን ሥራ የቀየሩ ዕለት ሰርቪሱም አብሮ እንደሚቀር ማስታወስ ያሻል።

የማን ሥራ መሐል ይሁን?

በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሥራና አንድ ትምህርት ቤት ሲኖር ሦስቱንም ማስማማት ከባድ ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ብዙ ደመወዝ ወዳለው ሰው ሥራ ይጠጋሉ። ሌሎች ካርታ ላይ እኩል መሐሉን ይፈልጋሉ፤ ውጤቱም ሁሉም በእኩል የሚደክምበት ቤት ይሆናል።

ጠቃሚው አካሄድ መጀመሪያ ማን ጊዜ የማይተጣጠፍለት መሆኑን መለየት ነው። ትንሽ ልጅ ሁለት ታክሲ መያዝ አይችልም፤ የትምህርት ቤት በርም ቀጠሮ አይጠብቅም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለቤት ይቅረብ። ቀጥሎ ልጅ የሚያደርሰውና የሚያመጣው ሰው ሥራ ይታሰብ። ሦስተኛው ሰው በአንድ ቀጥታ መስመር መሄድ ከቻለ ትንሽ ቢርቅም ይችለዋል። በጠዋት ለሁለት የተለያዩ አቅጣጫዎች የሚሮጥ አንድ ሰው እንዳይኖር ማድረግ የዚህ ሁሉ ዓላማ ነው። ከልምድ እንደሚታየው ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት።

ሥራ የሚቀያየር ከሆነ ደግሞ ከአንድ መሥሪያ ቤት ይልቅ ለአንድ መጋጠሚያ መቅረብ ይሻላል። ከመገናኛ፣ ከሜክሲኮ ወይም ከሳሪስ በአንድ ታክሲ ርቀት ላይ የሚኖር ሰው ሥራው ከተማው ውስጥ የትም ቢዞር የሚሄድበት መንገድ አያጣም። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ የሚከራይ ቤተሰብ በአንጻሩ በአንድና በሁለት መውጫ መንገዶች ላይ ይንጠለጠላል። መንገዱ ሲዘጋ ሁሉም ይዘጋበታል። በኮንዶሚኒየም መንደሮቹ ውስጥ ያለው ሰፊ ቦታ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳና የተሻለ ኪራይ ግን እውነተኛ ጥቅም ነው። እዚያው አካባቢ ሥራና ትምህርት ቤት ያለው ቤተሰብ ከመሐል ከተማ ነዋሪ የተሻለ ሕይወት ሊኖረው ይችላል።

አያቶችን ያልጠየቀ ምርጫ

የቤት ምርጫ ላይ አያቶች ብዙ ጊዜ የሚነገራቸው ከተወሰነ በኋላ ነው። ነገር ግን ልጆች መንገድ ላይ ሲቆዩ ቤት ውስጥ ያለውን ሥራ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። እማማ የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ተቀብለው፣ አብልተው፣ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ይጠብቃሉ። እሳቸው ደግሞ የራሳቸው ቀጠሮ አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ እድር፣ የደም ግፊት ክትትል፣ የቆዩ ጎረቤቶች።

አብረው የሚኖሩ አያት ካሉ የሥራ መንገድን ያህል የእሳቸው መንገድም ይታሰብ። ጤና ጣቢያው በእግር ይደረስበታል? ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ከምድር በላይ አራት ፎቅ ኖሯቸው አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። አራተኛ ፎቅ ኪራዩ ቢቀንስም ጉልበት ለሚያማቸው አያት እስር ቤት ይሆናል፤ ውኃ በጠፋ ቀን ደግሞ ጀሪካን የሚያወጣው ማን ነው?

አያቶች በራሳቸው ቤት የሚኖሩ ከሆነ ሌላ አማራጭ አለ። ለሥራ ቦታ ከመቅረብ ይልቅ ለአያቶች ቤት መቅረብ። አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ልጁን የሚቀበል ሰው ያለው ቤተሰብ የሞግዚት ወጪም ይቀንስለታል፤ መንገድ በተዘጋበት ምሽትም ልቡ አይሰቀልም። እዚህ ላይ ግን አያቶችን መጠየቅ ግዴታ ነው። በሳምንት ስንት ቀን፣ እስከ ስንት ሰዓት ይችላሉ? ካልተጠየቁ እምቢ አይሉም፤ አለማለታቸው ግን መቻላቸው አይደለም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላልና አያት ሩቅ ለሆኑበት ቤተሰብ የሚተማመኑበት ጎረቤት ያለበት ሰፈር፣ አዲስ ከሆነና ማንም ከማያውቁበት ሰፈር ጥቂት ቢወደድም ይመረጣል።

ከመፈረም በፊት ጉዞውን ይሞክሩ

ቤት የሚታየው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ መንገዱ ደግሞ በዚያ ቀን ክፍት ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ቤቱን ከወደዱት ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት በሥራ ቀን፣ ቢቻል ሰኞ፣ ጠዋት 1፡00 ሰዓት ላይ ከቤቱ በር ተነስተው እስከ ሥራዎ ይሂዱ። ሰልፍ ላይ የቆሙበትን፣ የተጓዙበትንና በእግር የሄዱበትን ደቂቃ ለየብቻ ይጻፉ። በዚያው ቀን ማታ ከሥራ መልስ ወደ ቤቱ ይመለሱ። አንድ ቀን ብቻ ፈቃድ መጠየቅ ወይም ቀደም ብሎ መነሳት ሊጠይቅ ይችላል፤ ግን የሁለት ዓመት መንገድ ነው የሚሞከረው።

ሰልፍ ላይ የቆሙትን ይጠይቁ። ተራ አስከባሪውን፣ ሱቅ የሚጠብቀውን ልጅ፣ ጠዋት ቡና የምታፈላውን ሴት ያነጋግሩ። ታክሲ ስንት ሰዓት ላይ ይጠፋል? በዝናብ ቀንስ? ማታ እስከ ስንት ሰዓት ይገኛል? በከተማዋ የኮሪደር ልማትና የመንገድ ሥራ ብዙ ቦታ ስለሚካሄድ መነሻዎችና መዞሪያዎች ይቀየራሉ። ስለዚህ «ድሮ እዚህ ታክሲ ነበር» የሚል ሳይሆን «አሁን ከየት ነው የሚነሳው» የሚል ጥያቄ ይጠይቁ።

ውሉ ሁለት ዓመት ነው

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ምርጫው ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በ30 ቀናት ውስጥም መመዝገብ ይኖርበታል። ዝቅተኛው የውል ዘመን ሁለት ዓመት ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይፈጸማል። ኪራይ የሚጨመረውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ነው።

ይህ ለተከራይ ጥሩ ዜና ነው፤ በየስድስት ወሩ ዕቃ መጫን፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ማዘዋወር ይቀንሳል። በሌላ በኩል ያልተመቸ ቤት ውስጥ ረጅም ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ ማለት ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ ወይም «ውል አያስፈልግም፣ በመተማመን ነው» የሚል አከራይ ካጋጠመ ሕጉን በትሕትና ማስታወስ ይገባል። ያልተመዘገበ ውል ያለው ቤተሰብ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» የተባለ ዕለት የሚይዘው ነገር የለውም። ያኔ በችኮላ የሚገኘው ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚርቀው ነው።

ቤት መቀየር ካልተቻለ

ሁሉም ሰው የመምረጥ ዕድል የለውም። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ የደረሰው፣ ከልማት ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ የተሰጠው፣ ከወላጆቹ ቤት መራቅ የማይችል አለ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ መንገዱን ማሳጠር ባይችል ጫናውን ማከፋፈል ይችላል። ሠላሳ ደቂቃ ቀድሞ መውጣት በአንዳንድ መስመር ላይ ሙሉ ሰዓት ያተርፋል፤ አለቃን ቀድሞ ገብቶ ቀድሞ ስለመውጣት መጠየቅም አያሳፍርም። በአንድ አቅጣጫ የሚሠሩ ጎረቤቶች መኪና ተጋርተው ነዳጁን መከፋፈል ይችላሉ። ባልና ሚስት ደግሞ ቀን ይከፋፈሉ። ማክሰኞና ሐሙስ እሱ፣ ሌላውን ቀን እሷ፣ አንዳቸው ልጆቹ ሳይተኙ የሚገቡበት ምሽት እንዲኖር።

ለሚመርጡት ግን ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ይመልሱ፦

• በየቀኑ ከቤቱ የሚወጡት ስንት ሰዎች ናቸው? እያንዳንዳቸው ስንት ታክሲ ይይዛሉ?
• ኪራይ፣ ትራንስፖርትና የተማሪ ሰርቪስ አንድ ላይ ሲደመሩ በወር ስንት ናቸው?
• በሥራ ቀን የማታው መንገድ ስንት ደቂቃ ፈጀ?
• ዋናው መንገድ ቢዘጋ ሌላ መውጫ አለ?
• ልጅ ቢታመም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊደርስለት የሚችል ሰው ማን ነው?
• አያቶች ተጠይቀው ምን አሉ?

የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ደላላ አይጠይቅዎትም። መልስ ካላገኙላቸው ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ኪራዩም ምንም ያህል ቢቀንስ፣ ሌላ ቤት ይመልከቱ።